ትንሳኤ ሙታን በጎጃም፦ ለምን ይታመናል፣ እንዴትስ ይኖራል

ትንሳኤ ሙታን ማለት የሞተ ሰው ሁሉ በመጨረሻው ቀን ከነስጋው ይነሳል የሚለው እምነት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአምስቱ አዕማደ ምስጢር አምስተኛው ነው፣ ከስላሴ፣ ከስጋዌ (አምላክ ሰው የመሆኑ ምስጢር)፣ ከጥምቀትና ከቁርባን ቀጥሎ ማለት ነው። ጎጃም ውስጥ ግን የጉባኤ ትምህርት ብቻ ሆኖ አልቀረም፣ አቀባበሩም ተዝካሩም የፋሲካ ሳምንቱም በሱ ላይ የቆመ ነው፣ ስለዚህ "ለምን ታምናለህ" ተብሎ የተጠየቀ የጎጃም ገበሬ ግማሹን መልስ ከመጽሐፍ ግማሹን ከማሳው ነው የሚያመጣው። አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስላላገኘሁት ነው ይህን የጻፍኩት።

ከመጽሐፉ እንጀምር። ቅዳሴ ላይ በሚባለው ጸሎተ ሃይማኖት "ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን" ይባላል፣ የሙታንን መነሳት ተስፋ እናደርጋለን ነው ነገሩ፣ ይሄ ክፍል በፈረንጆቹ 381 ከተደረገው የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ጋር የተያያዘ ነው። ከብሉይ በብዛት የሚጠቀሱት የሕዝቅኤል ምዕራፍ 37 ደረቅ አጥንቶች፣ ዳንኤል 12 እና ኢዮብ 19 ናቸው። እኛ ጋ ደግሞ አብዛኛው ሌላው ዓለም በቀኖናው የሌለው መጽሐፈ ሄኖክ አለን፣ ምዕራፍ 51 ላይ ምድር የተሰጣትን አደራ እንደምትመልስ ይናገራል። አደራ የሚለው ቃል ለጎጃም ሰው ማብራሪያ አይፈልግም፣ አደራ የበላ ምን እንደሚባል ያውቃል፣ መቃብር እንግዲህ ባለ አደራ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም ማለት ነው።

ዋናው ምክንያት ግን የክርስቶስ መነሳት ነው። ጳውሎስ አንደኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ ክርስቶስ ካልተነሳ እምነታችሁ ከንቱ ናት ብሎ ሁሉንም ነገር እዚህች ላይ ነው ያንጠለጠለው፣ ከዛ ምስክር ይቆጥራል፦ ጴጥሮስ፣ አስራ ሁለቱ፣ ከ500 የሚበልጡ ወንድሞች (አብዛኞቹ እስካሁን አሉ ብሎ ይጨምራል፣ ሄዳችሁ ጠይቋቸው እንደማለት ነው)፣ ያዕቆብ፣ በመጨረሻም አሳዳጅ የነበረው ራሱ ጳውሎስ። ወንጌሎቹ ደግሞ መጀመሪያ ያዩት ሴቶች ናቸው ይላሉ፣ በዛ ዘመን በአይሁድ ዘንድ የሴት ምስክርነት ሚዛን አልነበረውም፣ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ማን ሴት ያስቀድም ነበር? ማቴዎስ 28 ላይ ጠባቂዎቹ ብር ተቀብለው ደቀ መዛሙርቱ ሰረቁት ብለው እንዳስወሩ ተጽፏል፣ ይሄ ክስ እስከዛሬ በስልክ በሚዘዋወር ቪዲዮ ሁሉ ይመጣል። መልሱን የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው ዮሐንስ አፈወርቅ ድሮ ሰጥቶታል፦ አስከሬኑ የተገነዘው ከርቤ ባለበት ሽቱ ነው፣ ከርቤ ጨርቁን ከገላ ጋር ያጣብቃል፣ የሚቸኩል ሌባ ቁጭ ብሎ ግንዝ ሲፈታ አያመሽም። ዮሐንስ 20 ላይ በራሱ ላይ የነበረው ጨርቅ ለብቻው ተጠቅልሎ ነበር ይላል። ግንዘት በአይኑ ያየ ሰው ይሄ መከራከሪያ ወዲያው ነው የሚገባው።

ከማሳው ደግሞ ዘር አለ። ጳውሎስ እዛው ምዕራፍ ላይ "አንተ ሞኝ" ብሎ ተቆጥቶ የምትዘራው ካልሞተ ሕያው አይሆንም ይላል፣ ጌታም በዮሐንስ 12 ስለ ስንዴ ቅንጣት ተናግሯል። ጤፍና ስንዴ የሚያርስ ሰው ዘሩ አፈር ገብቶ ተበላሽቶ እንደሚበቅል በየክረምቱ ያያል፣ የዘራው ቅንጣት ነው፣ የሚያጭደው ዛላ። መምህራኑ በዚህ ላይ የጸሐይን መግባትና መውጣት፣ እንቅልፍንና መንቃትን ይጨምራሉ። የማይቀረው ጥያቄ "አባይ የወሰደውስ? አዞ የበላውስ?" የሚለው ነው፣ ጎጃም በአባይ የተከበበ አገር ስለሆነ ጥያቄው ቀልድ አይደለም፣ ወንዝ ወስዶበት አስከሬን ያላገኘ ቤተሰብ ይጠይቀዋል። የሚሰጠው መልስ ራእይ 20 ነው፣ ባሕርም በውስጡ ያሉትን ሙታን ሰጠ የሚለው፣ ከአፈር የፈጠረ ከውሃም ያወጣል ይላሉ የኔታ።

አቀባበሩን እንይ። የሞተው ሰው ይገነዛል፣ ፍትሐት (ለሞተ ሰው የሚደረስ ጸሎት) ይደረስለታል፣ ራሱ ወደ ምዕራብ እግሩ ወደ ምስራቅ ሆኖ ይቀበራል፣ ሲነሳ ፊቱ ከምስራቅ ወደሚመጣው ጌታ እንዲሆን ነው። ከዛ ሳልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ ይቆጠራል። አርባና ሰማንያ ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር ይያያዛል፣ አዳም በ40 ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ከሚለው። ተዝካር ድግሱ በዝቶ ቤተሰብ ያደኸያል የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው፣ ግን ድግሱና ጸሎቱ አንድ አይደሉም። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለሌለ ደግሞ በሆሳዕና እለት ለሁሉም አስቀድሞ ይፈታል፣ በዛ ሳምንት የሞተ ሰው በዛው ይሸኛል።

የፋሲካ ሳምንት ራሱ የምክንያት ዝርዝር ነው ብል አልተሳሳትኩም። በቀዳም ስዑር፣ በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ካህናቱ ቄጠማ ይዘው ይዞራሉ፣ ሌሊቱን "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ሲባል ሕዝቡ "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" ብሎ ይመልሳል። ሰኞ ማዕዶት ነው፣ ከሞት ወደ ሕይወት መሻገር። ማክሰኞ ቶማስ፣ ካልዳሰስኩ አላምንም ያለው። ረቡዕ አልዓዛር፣ አራት ቀን ከመቃብር የቆየው። ሐሙስ የአዳም ነው፣ ዓርብ የቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ወደ መቃብሩ የገሰገሱት የቅዱሳት አንስት፣ እሁድ ዳግም ትንሳኤ። ፊደል ያልቆጠረች እናት እነዚህን በቀን በቀናቸው ትነግርሃለች። እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም።

ትምህርቱን ያቆዩት አብነት ትምህርት ቤቶቹ ናቸው፦ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን ሌላውም ይመሰክራል፣ ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ የተማረ ልጅ ስንዴን ሰም ስጋን ወርቅ አድርጎ ጉባኤ ቃና (ባለ ሁለት ቤት ቅኔ) ሲቆጥር መስማት ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን (የካቶሊኮች) ሚሲዮን እዚህም ገብቶ ነበር። የክርስቶስን በመንፈስ ቅዱስ መቀባት የሚመለከተው የቅባት ክርክር በ1870 ወሎ ቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ላይ ተዘግቷል፣ አልተዘጋም የሚሉም አሉ፣ ለማንኛውም ክርክሩ በትንሳኤ ሙታን ላይ አልነበረም። የጎጃም ሙስሊሞችም በቂያማ (በፍርድ ቀን መነሳት) ያምናሉ፣ አፈታቱ ይለያያል እንጂ።

መምህራኑ ራሳቸው አንድ አይነት የማይናገሩባት ነገር ስንት ዓመት ሆነን እንነሳለን የምትለው ናት። ብዙዎች ወንዱ የ30 ሴቷ የ15 ዓመት ሆነው፣ አዳምና ሔዋን በተፈጠሩበት መልክ ይላሉ፣ ሌሎች ቁጥሩን ሳይነኩ በፍጹም አካል ብለው ያልፋሉ።

ከደብረ ኤልያስ የወጡት ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 በደርግ ከመንበራቸው ወርደው በ1971 ተገደሉ፣ የት እንደተቀበሩ ሳይነገር ዓመታት አለፉ። በ1984 አጽማቸው ተገኝቶ አዲስ አበባ ጎፋ ገብርኤል በፍትሐትና በክብር አረፈ።