የሰውነት መጠባበቂያ አቅም ምንድን ነው? ዕድሜና የሞተር ሳይክል አደጋ

የሰውነት መጠባበቂያ አቅም የሚባለው ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊትና ሌሎች የአካል ክፍሎች ለዕለት ተዕለት ኑሮ ከሚበቃቸው በላይ ያላቸው፣ በሕመም ወይም በድንገተኛ ጉዳት ጊዜ የሚደርስላቸው ትርፍ ጉልበት ነው። ይህ አቅም በወጣትነት ከፍ ብሎ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ፣ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ የ22 ዓመት ሞተረኛና ከኋላው የተፈናጠጡ የ65 ዓመት አባት አብረው ቢወድቁ፣ ፍጥነቱም አስፋልቱም አንድ ሆኖ ሳለ የሁለቱ ጉዳት አንድ ላይሆን ይችላል።

በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በሞተር ሳይክል አደጋ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል ከገቡ ሰዎች መካከል 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ ከ20 እስከ 39 ዓመት ካሉት ይልቅ ለከባድ ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እዚያ አዛውንቱ ራሳቸው ትልልቅ ሞተር ይነዳሉ፤ በእኛ አካባቢ ግን አዛውንት በሞተር ላይ የሚታዩት በአብዛኛው ተሳፋሪ ሆነው ስለሆነ፣ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ለጅማ መጠቀም ተገቢ አይመስለኝም። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው የሰውነት ለውጥ ግን የትም ያው ነው።

በመጀመሪያ አጥንት ይሳሳል፤ በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ መሳሳቱ ይፈጥናል። ወጣቱን አሳምሞ ብቻ የሚያልፍ ምት የአዛውንቱን የጎን አጥንት ሊሰብር ይችላል፤ የተሰበረበት ሰው ሕመሙን ፈርቶ በደንብ ስለማይተነፍስና ስለማያስል አክታው ሳንባው ውስጥ ይጠራቀምና የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የጭንቅላት ጉዳት ነው። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል በመጠኑ ስለሚቀንስ ከአንጎል ወደ ሽፋኑ የሚያልፉት ትንንሽ የደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ በቀላል ግጭትም ሊበጠሱ ይችላሉ። የሚፈሰው ደም በቂ ክፍት ቦታ ስለሚያገኝ ምልክቱ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል። በወደቁበት ዕለት «ደህና ነኝ» ብለው በእግራቸው ቤት የገቡ አባት፣ ቆይቶ ሲያንቀላፉ፣ ነገር ሲምታታባቸው ወይም አንድ እግራቸውን ሲጎትቱ ቤተሰብ ነገሩን ለእርጅና ይሰጠዋል፤ በዚህ መካከል ሊታከም የሚችል ደም መፍሰስ ጊዜው ያልፋል። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አደጋው ይብሳል። ለደም ግፊትና ለልብ የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶችም የልብ ምት እንዳይጨምር ስለሚያግዱ፣ ብዙ ደም እየፈሰሰ ሳለ የልብ ምቱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ልጆችም በሌላ መንገድ ያሳስታሉ። የጎን አጥንታቸው ስለሚለመጥ ሳይሰበር ውስጥ ያለው ሳንባ ወይም ጉበት ሊጎዳ ይችላል፤ ደም እየፈሰሳቸውም ግፊታቸው ለረጅም ጊዜ ሳይወርድ ቆይቶ በድንገት ያሽቆለቁላል። ከኋላ የተቀመጠ ሕፃን እግሩ ማስቀመጫው ላይ ስለማይደርስ በጎማው ሽቦዎች መካከል ሊገባ፣ ወይም በጋለ ማርሚታ ሊቃጠል ይችላል።

ወጣቶችን መጠባበቂያ አቅማቸው ቢረዳቸውም ከፍጥነት አያድናቸውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ 69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ የተለያዩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲገመገሙ ታይቷል፤ ስለዚህ ከኋላ ለሚቀመጡት አዛውንትም በልካቸው የሆነ ሄልሜት ያስፈልጋል። ከወደቁ ደግሞ ምንም ሕመም ባይሰማቸው እንኳ ወደ ሕክምና ይወሰዱ፤ ለሐኪሙም ዕድሜያቸው፣ የሚወስዱት መድኃኒትና የወደቁበት ሰዓት ይነገረው።