«መጽሐፉን ካልገዛህ አትጫወትም» እና ሌሎች የደሴ ወሬዎች

ደሴ ውስጥ ዋርሃመር የሚጫወት ሰው በጣት ይቆጠራል። የኮምቦልቻዎቹ ቢጨመሩም አንድ ሚኒባስ አንሞላም። ጭቅጭቃችን ግን የስታዲየም ነው።

ለማያውቀው፦ ዋርሃመር 40,000 ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ወታደሮችን እያንቀሳቀሱ፣ ርቀት በመለኪያ እየለኩ፣ ዳይስ እየጣሉ የሚዋጉበት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አለ። የሚያሳትመው ጌምስ ወርክሾፕ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። አዲስ እትም በመጣ ቁጥር የሕጉ መጽሐፍ ዋጋ ያነታርከናል። ከዚያ ንትርክ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን አባባሎች እንያቸው።

«መጽሐፉን ካልገዛህ አትጫወትም»

ስንት ጀማሪ ያባረረች አባባል ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን አሥረኛውን እትም እንውሰድ። ዋናው ሕግ በፒዲኤፍ በነፃ ተለቋል። 60 ገጽ ገደማ ነው፤ ስልክ ላይ ይነበባል፣ ፎቶ ኮፒ ቤትም ይታተማል።

ሕጉ ደግሞ የሚወራለትን ያህል አያስፈራም። አሥር ወታደሮችህ ተኮሱ እንበል። ለመምታት 3 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። አሥር ዳይስ ትጥላለህ፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ሰባቱ ይመታሉ። የመቱትን አንስተህ እንደገና ትጥላለህ፤ ለማቁሰል 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሚፈለገው፣ ሦስት ያህል ይቀሩሃል። አሁን ዳይሱን ተጋጣሚህ ይቀበልሃል። ጥሩሩ በ3 የሚያድን ከሆነ ሁለቱን ያድናል፣ አንዱን ያጣል። ያ ሁሉ ተኩስ ለአንድ ሬሳ! ጨዋታው ሲጠቃለል ይሄው ነው። ይህን ለመማር ዶላር ማሳደድ አያስፈልግም።

«እንግዲያውስ መጽሐፉ ሥዕል ብቻ ነው»

ይሄ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። መጽሐፉ ከ200 ገጽ በላይ ነው። ብዙው ታሪክ፣ ሥዕልና ቀለም የተቀቡ ሞዴሎች ፎቶ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በነፃው ፒዲኤፍ ውስጥ የሌለ አንድ ትልቅ ክፍል አለው፤ ክሩሴድ የሚባለው የዘመቻ ሕግ። በክሩሴድ ጦርህ ከጨዋታ ወደ ጨዋታ ይሸጋገራል። የተዋጋው ልምድ ያገኛል፣ የተደመሰሰው ጠባሳ ይዞ ሊቀጥል ይችላል።

በእኔ እይታ የመጽሐፉ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ተጋጣሚ ለሚያገኝ የለንደን ልጅ ክሩሴድ ትርፍ ነገር ሊሆን ይችላል። እነዚያው አራት አምስት ሰዎች ሁልጊዜ ለሚገናኙባት ደሴ ግን የተጻፈ ይመስላል። ባለፈው ያሸነፈህ ሰው ያው እሱ ነው፤ ቂሙ አለ። አንድ መጽሐፍ በጋራ ገዝቶ ማስቀመጥ ይበቃል።

«ዋጋው ንጹህ ዝርፊያ ነው»

አሳታሚው ድሃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ለንደን ገበያ ላይ ካሉት 100 ትልልቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ለትርፉ ጠበቃ መቆም አይጠበቅብኝም። ግን እኛን የሚያስደነግጠን ቁጥር ሁሉ ከእንግሊዝ የመጣ አይደለም። የአሥረኛው እትም መጽሐፍ ከ60 ዶላር በላይ ነበር። ዶላር በባንክ 57 ብር ሳለ 60 ዶላር 3,420 ብር ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው 60 ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አሳታሚው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ማለት ነው። በዚያ ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ከባድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከሕፃን ወተትና ከጫማ ጋር ቦታ ይሻማል።

«አንዴ ገዝተህ ትገላገላለህ»

የት ተገኝቶ! ስምንተኛው እትም በ2017፣ ዘጠነኛው በ2020፣ አሥረኛው በ2023 ነው የወጡት፤ ሁሉም እ.ኤ.አ.። በየሦስት ዓመቱ ማለት ነው።

ከሕጉ መጽሐፍ ይልቅ ኪስ የሚጎዳው ደግሞ ኮዴክስ ነው። ኮዴክስ ማለት ለአንድ ጦር ብቻ የሚወጣ መጽሐፍ ነው። አሥረኛው እትም ሲጀመር የሁሉም ጦር መረጃ በነፃ ተለቆ ነበር። ኮዴክሱ ሲወጣ ግን ያ ነፃው ይተካል። የእያንዳንዱ የጦር ክፍል ነጥብ፣ ማለትም ሁለቱን ጦሮች ለማመጣጠን የሚቆጠርለት ዋጋ፣ ኢንተርኔት ላይ በየጊዜው ይስተካከላል፤ መጽሐፉ ላይ የታተመው ነጥብ ቶሎ ያረጃል። ያገለገለ ኮዴክስ የምትገዛ ካለህ ደግሞ ይህን ያዝ፦ ውስጡ ያለው የስልክ መተግበሪያ ኮድ የሚሠራው አንዴ ነው። ሻጩ ተጠቅሞበት ከሆነ የገዛኸው ወረቀቱን ብቻ ነው።

እና አሮጌው እትም ሲሻር መጽሐፉ አይቃጠልም። ውድድር ለመግባት አዲሱ ያስፈልጋል። ጓደኛህ ቤት ለመጫወት ግን ሁለታችሁ ከተስማማችሁ ዘጠነኛውም ይሁን ስምንተኛው ጨዋታ ነው።

«ኦሪጅናል ሞዴል ከሌለ ጨዋታ አይባልም»

አብሽር። በዳማ ያደገ ሰው ቆርኪ ወታደር መሆን እንደሚችል ያውቃል፤ የአንዱ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው። ኮምቦልቻ ደግሞ የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ ቆርኪ አይቸግርም። ደስ የሚለው መጠኑ ነው። የጨዋታው እግረኛ ወታደሮች ከሚቆሙባቸው ክብ መሠረቶች መካከል 28.5 እና 32 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው አሉ። ከጠርሙስ የወጣ ቆርኪ 29 ገደማ ነው። ልክክ ይላል።

አንድ እውነተኛ ችግር ግን አለ። ማን ማንን ያያል የሚለው የሚወሰነው በሞዴሉ ቁመት ነው፤ ቆርኪ ቁመት የለውም። ቆርኪው ውስጥ ካርቶን ቆርጦ ማቆም ያስፈልጋል፤ ለእግረኛው ሦስት ሴንቲሜትር ይበቃል። ቁመቱን ጨዋታው ሳይጀመር ተስማሙበት፤ መሀል ላይ ከሆነ ያጣላል። ርቀቱ በኢንች ስለሆነ የልብስ ሰፊ ሜትር በጀርባው ይሠራል። ዳይሱ ከሉዶ ይወሰዳል። ለመደበኛው ጨዋታ 112 በ152 ሴንቲሜትር ጠረጴዛ ይመከራል፤ ለአጭሩ የዚያ ግማሽ።

በይፋዊ ውድድር ቆርኪ ይዘህ አትገባም፤ እሱ እውነት ነው።

«ዳይስ ካለ ቁማር ነው»

ገንዘብ አይያዝበትም። አለቀ።

«ጦርነት ያየ ሰው በጦርነት አይጫወትም»

ይህን የሚለኝን ሰው አልከራከርም። 2014ን ደሴ ላይ ያሳለፈ ሰው የራሱ ምክንያት አለው። የማርመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨዋታው የኛን ጦርነት ያሳያል የሚለውን። ታሪኩ የሚካሄደው በ41ኛው ሺህ ዓመት፣ በሌሎች ፕላኔቶች፣ ከባዕድ ፍጡራን ጋር ነው። የጠረጴዛ ጦርነት ከጥንት የልጆች ጨዋታ ነው የሚለውም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሲያ ጦር ለመኮንኖቹ ሥልጠና ተቀብሎታል። የእውነተኛ ጦርነቶች የጠረጴዛ ጨዋታዎችም አሉ። እኛ ጋ አይነሱም፤ ማንም ሕግ አላወጣም፣ ግን አይነሱም።

«ስካን አድርጎ መሸጥ ምን ችግር አለው?»

አለው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጽሑፉንና ሥዕሉን ይጠብቃል። መጽሐፉን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሶ ማሠራጨትም ፈቃድ ይፈልጋል። ሐሳብና የአሠራር ዘዴ ግን ጥበቃ አይደረግላቸውም። ስለዚህ «መጀመሪያ ለመምታት ይጣላል፣ ቀጥሎ ለማቁሰል፣ ከዚያ ተጋጣሚ ለማዳን ይጥላል» ብሎ በራስ አማርኛ የሁለት ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ለጀማሪ ማደል ይቻላል። ማስታወሻውን ለማስዋብ ተብሎ ከመጽሐፉ ሥዕል ካልተለጠፈበት ነው ታዲያ።