«ዜጋ ስላልሆንኩ ደብልዩ ናይን አይመለከተኝም» እና ሌሎች ስህተቶች

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የስልኩን ስክሪን ፎቶ ላከልኝ። ዩቲዩብ ደብልዩ ኤይት ቤን (W-8BEN) የሚባል የአሜሪካ የግብር ፎርም ሙላ ብሎታል። «አክስቴ፣ ይሄ ነገር የአሜሪካ ግብር ከፋይ ሊያደርገኝ ነው እንዴ?» በዚያው ሳምንት እዚህ ቨርጂኒያ ያለ ጎረቤቴ በተቃራኒው ደብልዩ ናይን (W-9) የሚባለው ፎርም አስጨንቆት መጣ። ሁለቱም የተምታታባቸው አንድ ነገር ነው፦ ደብልዩ ናይን የአሜሪካ ዜጋ ወይም ለግብር ነዋሪ የሆነ ሰው ገንዘብ ለሚከፍለው አካል የሚሰጠው ፎርም ነው፤ ደብልዩ ኤይት ቤን ደግሞ ነዋሪ ያልሆነው የሚሰጠው።

«ግሪን ካርድ ስለሌለኝ ደብልዩ ናይን አልሞላም»

ጎረቤቴ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። «የውጭ ሰው ነኝ» ብሎ ሊፈርም ነበር። ግን የኢሚግሬሽን ሕግና የግብር ሕግ ሰውን የሚያዩት በየራሳቸው መነጽር ነው። ግብሩ የሚቆጥረው ቀን ነው። የዘንድሮው ቀን ሙሉውን፣ የአምናው ሲሶው፣ የካቻምናው አንድ ስድስተኛው ይደመራል። ድምሩ 183 ከደረሰና ዘንድሮ ቢያንስ 31 ቀን እዚህ ከነበርክ፣ ለግብር ነዋሪ ነህ። በየዓመቱ 120 ቀን የሚመላለስ ሰው 120፣ 40 እና 20 ተደምሮ 180 ስለሚሆን ያመልጣል። 130 ቀን ከሆነ ግን አያመልጥም። ጎረቤቴማ ሦስት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም፤ ስለዚህ የሱ ፎርም ደብልዩ ናይን ነው። በኤፍ ዋን ቪዛ የመጡ ተማሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ቀናቸው አይቆጠርም።

«ደብልዩ ናይን ከሰጠሁ ታክስ የለብኝም»

ይሄን የምሰማው በብዛት ከሹፌሮች ነው። ሲከፈልህ ስላልተቆረጠ ቀረልህ ማለት አይደለም! ከፋዩ የከፈለህን 1099 በሚባል ፎርም ለአይ አር ኤስ፣ ማለትም ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ያሳውቃል፣ አንተ ደግሞ ራስህ አስልተህ ትከፍላለህ። ከገቢ ግብሩ ሌላ በግል ሥራ ትርፍ ላይ የሚታሰበው 15.3 በመቶም አለ። የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የግብር ቁጥርህን አልሰጥም ካልክ ደግሞ ከፋዩ 24 በመቶ ቀንሶ ያስቀራል።

«ፎርሙን ለአይ አር ኤስ እልካለሁ»

አትልክም። ለጠየቀህ ከፋይ ነው የምትሰጠው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህ ስላለበት የማታውቀው ሰው በኢሜል ቢጠይቅህ ዝም በለው።

«ደብልዩ ኤይት ቤን መሙላት ጣጣ ያመጣል»

ጣጣ የሚያመጣው አለመሙላቱ ነው። ፎርሙ የሚለው «የአሜሪካ ግብር ነዋሪ አይደለሁም» ነው። የእህቴ ልጅ በወር 500 ዶላር አገኘ እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 80ው አሜሪካ ካሉ ተመልካቾች የመጣ ነው። ካልሞላ ከጠቅላላው 500 ላይ እስከ 24 በመቶ፣ ማለትም 120 ዶላር ሊቆረጥበት ይችላል። ከሞላ ግን ከ80ው ላይ 30 በመቶ ብቻ ነው፤ 24 ዶላር። ሶሻል ሴኩሪቲ የለኝም ብሎ ተጨንቆ ነበር። የኢትዮጵያ ቲን ቁጥሩን ጻፍ አልኩት።

እስራኤል ያለ ጓደኛው «የስምምነቱን ክፍል ሙላው፣ ይቀንስልሃል» ብሎታል። ለጓደኛው ልክ ነው፤ እስራኤል ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት አላት። ኢትዮጵያ ግን የላትም። ስለዚህ ያ ክፍል ባዶውን ይቀራል። ታች የሚፈረመው በሐሰት ቢገኝ በሕግ የሚያስጠይቅ ማረጋገጫ ነውና በግምት የሚሞላ ነገር አይደለም።

«ግሪን ካርድ አለኝ፣ የምኖረው ግን አዲስ አበባ ነው፤ የውጭ ሰው ነኝ»

ዲቪ ወጥቶላቸው፣ ትንሽ ቆይተው አገር ቤት የተመለሱ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ግሪን ካርዱ በሥርዓት እስካልተመለሰ ወይም በመንግሥት ውሳኔ እስካልተሰረዘ ድረስ የሚሞላው ደብልዩ ናይን ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን አለፈ ማለት ግዴታው አለፈ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ አያት ሰፈር ያከራዩት ቤት ኪራይም ለአይ አር ኤስ ይነገራል። ለኢትዮጵያ የከፈሉትን ግብር በክሬዲት ማቀናነስ ይቻላል፣ ግን ከተናገሩ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የባንክ ሂሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው የሚሞላ ሌላ ፎርም አለ።

«አንዴ ከሞላሁ በቃ»

ደብልዩ ኤይት ቤን አብዛኛውን ጊዜ ከተፈረመበት ዓመት ቀጥሎ እስካለው ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ያገለግላል። በ2025 የተፈረመ እስከ ዲሴምበር 31፣ 2028 ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሁኔታው ከተለወጠ በ30 ቀን ውስጥ ለከፋዩ መንገር ግድ ነው። የእህቴ ልጅ ዘንድሮም ዲቪ ሞልቷል። ከወጣለትና ከመጣ፣ ገና ሻንጣውን ሳያራግፍ ደብልዩ ናይን አስሞላዋለሁ።