ኤም ጂ ቢ፦ እድሳቷና የመንገድ ጉዞዋ

ኤም ጂ ቢ እንግሊዝ ውስጥ ከኦክስፎርድ በስተደቡብ ባለችው በአቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 የተመረተች የስፖርት መኪና ናት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤም ጂ የሚለው ስም ሞሪስ ጋራዥስ ከተባለ የኦክስፎርድ መኪና ነጋዴ ቤት የመጣ ነው። በሲድ ኢኔቨር መሪነት የተነደፈችው ቢ 1798 ሲሲ የሆነ ባለአራት ሲሊንደር ሞተርና ሁለት ካርቡሬተር ነበራት። መጀመሪያ የወጣችው ጣራዋ የሚገለጥ ሆና ነው፤ በ1965 ጣራዋ ብረት የሆነውና የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና እጁን ያሳረፈባት ጂ ቲ ተከተለች። በጠቅላላው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል።

በ1974 በአሜሪካ ሕግ ምክንያት የሚያብረቀርቀው የፊትና የኋላ የግጭት መከላከያ በወፍራም ጥቁር ጎማ ተተካ፤ መኪናዋም ከመሬት ከፍ ተደረገች። ውበቷ ተነካ፤ ኩርባ ላይ ማዘንበልም ለመደች። ፋብሪካው ሲዘጋ ባለቤቱ ብሪቲሽ ሌይላንድ መኪናዋ ኪሳራ ታመጣለች የሚል ምክንያት ሰጥቶ ነበር። ስሌቱ አከራካሪ ነው፤ የአቢንግደን ሠራተኞች ሥራቸውን በወጉ መሥራታቸው ግን አያከራክርም።

እድሳት ሲባል ከሁሉ በፊት የላሜራ ሥራ ማለት ነው። ሞተሩ ቀላል ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ዝገቱ ነው። ቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ የተሸከማት ራሱ ቦዲው ሲሆን፣ ጉልበቱ ያለው በግራና በቀኝ ከበሮቹ ሥር በሚያልፉት ድርብርብ የብረት ሣጥኖች ላይ ነው። ከፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃና በብርድ ወራት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እዚያ ይከማቻል። ዝገቱ ከውጭ የሚታየው ውስጡ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው። አንዳንድ ሻጭ በበሰበሰው ላይ አዲስ ላሜራ በይዶ፣ ቀለም ቀብቶ ያቀርባታል። ልምድ ያለው ገዢ ቀለሙን ትቶ በበሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ያያል፤ ላይና ታቹ እኩል ካልሆነ ወገቧ ተቀምጧል ማለት ነው። የበሰበሰውን የሚቆርጥ ባለሙያም አስቀድሞ የበሩን ክፍት በብረት ዘንግ አግድም ይወጥራል። ይህን የዘለለ ሰው፣ በተለይ ጣራ በሌላት ላይ፣ ብየዳውን ሲጨርስ በሩ አልዘጋ ይለዋል።

በ1988 ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት የቀድሞዎቹን የላሜራ ማተሚያ ቅርጾች ሰብስቦ ሙሉ አዲስ ቦዲ መሥራት ጀመረ። ፋብሪካዋ ከተዘጋ ስምንት ዓመት የሆናት መኪና እንደገና ሥጋ ለበሰች። በዚህ ቦዲ ላይ የተገጣጠመችው የድሮዋ ናት ወይስ አዲስ የሚለው ክርክር አልተቋጨም።

ቤንዚን የሚስበው የኤሌክትሪክ ፓምፕ የራሱ ወግ አለው። ቁልፉ ሲዞር ከኋላ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ካርቡሬተሮቹ ሲሞሉ ይረጋል። ድምፁ ካልተሰማ የውስጡ መገናኛ ሳይጣበቅ አልቀረምና ሹፌሩ ወርዶ ከኋላ ቀኝ ጎማ አጠገብ በመፍቻ እጀታ መታ መታ ያደርገዋል።

ለረጅም ጉዞ ከሚመረጡት መንገዶች አንዱ በሰሜን ስኮትላንድ ከኢንቨርነስ ተነስቶ እዚያው የሚመለሰው፣ በ2015 ኖርዝ ኮስት 500 የሚል ስም የወጣለት 830 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። በብዙ ቦታ አንድ መኪና ብቻ ያሳልፋል። በዚያው ያለው የቢያላክ ና ባ ተራራ መንገድ 626 ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ አቀበቱ ሞተር ያግላል፣ ቁልቁለቱ በዝቅተኛ ማርሽ ካልተወረደ ፍሬን ይፈጃል። ባለሽቦ ቸርኬ መኪና የሚነዳ ሰው ከመለዋወጫው ጋር የመዳብ መዶሻም ይይዛል፤ ጎማው የሚፈታው መሐሉ ላይ ያለውን ትልቅ ክንፍ ያለው ዳዶ በመምታት ነው። የግራው እንደ ማንኛውም ዳዶ ወደ ግራ ይፈታል፤ የቀኙ ወደ ቀኝ። ይህን የማያውቅ በዝናብ ቆሞ ሲያጠብቀው ይውላል።