ተራራን ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ማስተማር

ተራራ እንዴት ይፈጠራል? ይህን ለትንንሽ ልጆች የሚያስረዳ፣ በአማርኛ ሰብሰብ ብሎ የተጻፈ ነገር ማግኘት ይከብዳል። የደጋ ልጅ ግን በር ሲከፍት የሚያየው ተራራ ነው። የአዲስ አበባው እንጦጦን፣ የረርንና ወጨጫን እያየ ያድጋል፤ የደባርቁ ደግሞ የስሜንን ተራሮች።

 ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የተራራ ርዕስ በታችኛዎቹ ክፍሎች በአካባቢ ሳይንስ፣ ከፍ ሲል በኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ይመጣል። ፖሊሲው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ማድረጉ ለዚህ ርዕስ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ጋራ፣ ኮረብታ፣ ገደል፣ አምባ የሚሉትን ቃላት ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለውን አከፋፈልም ቢሆን ገብስ የት፣ ማሽላ የት እንደሚዘራ ከሚያውቅ ገበሬ ቤተሰቡ ሰምቶታል።

ችግሩ የሚመጣው አፈጣጠሩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ማሳያ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከሁለት ወገን መግፋት ነው፤ ጨርቁ ይሸበሸባል፣ «ተራራ ሆነ» ይባላል። ይህ ለሂማሊያ ልክ ነው። የህንድ ምድር ከእስያ ጋር መጋጨት ከጀመረ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ መሬቱም ተጨማዶ ወደ ላይ ወጣ። ስሜን ግን እንዲህ አልተፈጠረም። ጨርቁን ብቻ አይቶ የሄደ ልጅ ስለ ሩቁ ተራራ አውቆ የራሱን ሳያውቅ ይቀራል፤ ይሄ ያሳዝናል።

የኛዎቹ የቅልጥ ድንጋይ ሥራ ናቸው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቆ ቅልጡ ወጣ። እንደ ጎርፍ እየፈሰሰ ሜዳውን አለበሰው። ረጋ፣ ጠነከረ። ሌላ መጣበት፣ ደግሞ ሌላ። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በመሶብ የተደራረበ እንጀራ ማሰብ ነው፤ የሊማሊሞን ገደላማ መንገድ የወረደ ሰው ያንን ድርብርብ በዓይኑ ያያል። ከዚያ ዝናብና ወንዝ ሚሊዮን ዓመታት ሙሉ ቆራረጡት። ስለዚህ የስሜን ሹል ጫፎች ከተቆለለው ላይ ተቆርጦ የተረፈው ናቸው ማለት ይቻላል።

በእንጀራ ስለማይቀለድ ክፍል ውስጥ በአፈር ይሠራል። ሰፋ ያለ ሳፋ ይመጣል። ቀይ አፈር፣ መረሬ፣ አሸዋ፣ አመድ በየተራ ይነጠፍና ጠቅ ጠቅ ይደረጋል። አናቱ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጣል፤ ሳፋው ትንሽ ዘንበል ይላል። ከዚያ አንድ ልጅ በጆግ ውሃ ቀስ እያለ ያፈስሳል። ውሃው መንገድ ይቀድዳል፣ ሸለቆ ይሆናል፣ ድርብርቡ ከጎን ብቅ ይላል። ከድንጋዩ ሥር ያለው አፈር ግን ሳይሸረሸር ቀጥ ብሎ ይቀራል። ያ አምባ ነው! አናቱ ላይ ያለው ጠንካራ አለት ከሥሩ ያለውን ስለሚጠብቀው ነው ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቀረው። ቃሉ በውጭ አገር የጂኦሎጂ ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ሳይተረጎም አምባ ተብሎ መግባቱን ልጆቹ ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ሶዳና አቼቶ ቀላቅሎ አረፋ ማስወጣትም የተለመደ ነው፤ ልጆች ይወዱታል። ይህ እንደ ዝቋላ ላሉት ይስማማል። ዝቋላ 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ አናቱ ላይ ጉድጓዱ ሐይቅ ሆኗል፣ ገዳሙም እዚያው አለ።

ከፍታ ላይ መጻሕፍት አይስማሙም። የራስ ዳሽን (ብዙዎች ራስ ደጀን የሚሉት) በድሮዎቹ መማሪያዎች 4,620 ሜትር ነው፤ አሁን በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ነው፣ 4,533 የሚሉም አሉ። በአፍሪካ አራተኛ ነው የሚባለውም እንደ አቆጣጠሩ ይለያያል። የአገሪቱ አንደኛ መሆኑን ግን ማንም አይከራከርም። የባሌው ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትር ይከተላል ብለው ብዙ መማሪያዎች ይጽፋሉ፤ የስሜንን ሌሎች ጫፎች ለየብቻ ከቆጠርን ግን አይሆንም።

ከክፍል ውጭ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን የአባይ በረሃ መንገድ የሚያህል የለም። ሲወረድ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ከታች አሸዋማው አለት ይመጣል። የኖራ ድንጋዩ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅሪት አለ። አገሩ ድሮ ባሕር ነበር ማለት ነው፤ እሳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከ2017 ወዲህ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። በዚያ ዓመት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለው በፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ በተደጋጋሚ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። «የኛም ተራራ ይፈነዳል ወይ?» ይላሉ። ለስሜን ልጅ መልሱ ግልጽ ነው፤ የዚያ እሳት ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። የስምጥ ሸለቆው ግን ዛሬም እየተከፈተ ነው። በመስከረም 1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በጥቂት ሳምንታት ተከፍቶ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፍቷል። ካርታ ላይ አፋርን ማሳየት፣ ከዚያ ጣትን ወደ ልጁ ቀበሌ መውሰድ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ አብሮ መለካት ይበቃል።