ጃም ምንድን ነው? «ያገኙትን መጫወት» አይደለም

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በሬዲዮ «ጃም ባንድ ማለት ሳይለማመድ መድረክ ላይ የሚወጣ ባንድ ነው፤ ያገኘውን ይጫወታል፣ ሰዉም ይጨፍራል» ሲል ሰማሁ። ይህን አባባል ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። ሃያ ዓመት ቤዝ ጊታር ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝና ዘንድሮ ዝም ማለት አቃተኝ።

ወንድሜ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጃም ማለት ከሚታወቅ ዘፈን ተነስቶ፣ እየተደማመጡ፣ እዚያው መድረክ ላይ አዲስ ሙዚቃ መፍጠር ነው። ፊሽ የሚባለው የአሜሪካ፣ የቬርሞንት ጃም ባንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሚባለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ 13 ምሽት ተጫወተ። አንድም ዘፈን አልደገመም። ያልተለማመደ ባንድ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ያደርጉት የነበረውን አንድ ልምምድ ደግሞ እዩት። ከአራቱ የባንዱ አባላት አንዱ አጭር ዜማ ይጀምርና እሱኑ ይደጋግማል። ሌሎቹ ከሱ ጋር የሚሄድ የየራሳቸውን ይፈልጋሉ። አንዱ ተጫዋች የጓደኞቹ ሁሉ ድምፅ መርጋቱን ጆሮው ሲነግረው «ሄይ» ይላል። አራቱም «ሄይ» ካሉ በኋላ ባለተራው አንድ ነገር ይቀይራል። ከዚያ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ልምምዱ የጣት ሳይሆን የጆሮ ነው።

አማርኛችን ለዚህ የታደለ ነው። ሙዚቃም እንጫወታለን፣ ቡና ላይም እንጫወታለን። ጃም ሁለቱም ነው። አቦል ላይ ሁሉም የሚያውቀው ወሬ ይነሳል፤ ይሄ ዘፈኑ ነው። ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋልና ቶና ላይ ማንም ያላሰበው ቦታ ትገኛላችሁ። በረካ ላይ አንዱ «ወደ ነገራችን እንመለስ» ይላል። ድራምና ቤዝ ከሰሉ ናቸው፤ እሳቱ ከጠፋ ጀበናውም ጨዋታውም ይቀዘቅዛል። አንድ ሰው ብቻ ካወራስ? ጨዋታው ሞተ። ረጅም የጊታር ሶሎ ብቻውን ጃም የማይሆነው ለዚህ ነው። ጨፋሪው ደግሞ «እህ፣ ከዚያስ?» የሚለው ሰሚ ነው። ሰሚ የሌለው ጨዋታ አይደምቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ክለቦች ውስጥ የምናውቀው ጃም ሴሽን ሌላ ነው። እዚያ ሙዚቀኛ የሆነ ሁሉ መሣሪያውን ይዞ ይወጣል፣ ተራ በተራ ሶሎ ይወስዳል። ጃም ባንድ ግን ለዓመታት አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ጃማቸውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የዘፈኑን ኮርድ፣ ማለትም ዜማውን ከሥር የሚይዙትን አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ ሳይለቅ ይሄዳል። ሁለተኛው ኮርዱንም ሪትሙንም ጥሎ ይወጣል። ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ እኛም እንከራከራለን።

የሁለተኛው ዓይነት አባት ግሬትፉል ዴድ የሚባለው የካሊፎርኒያ ባንድ ነው። «ዳርክ ስታር» የሚለው ዘፈናቸው እ.ኤ.አ. በ1968 በሸክላ ሲወጣ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው የመድረክ አልበማቸው ላይ ያው ዘፈን 23 ደቂቃ ይሄዳል። ሃያውን ደቂቃ የሞላው ድግግሞሽ አይደለም፤ መደማመጥ ነው። ብቻ በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ አደራ። ቤዙ ይጠፋል፤ ቤዙ ከጠፋ ጨዋታውን የቀየረው ማን እንደሆነ አይገባችሁም።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሜሪዌዘር በሚባለው የሙዚቃ ሜዳ ሣሩ ላይ ቆሜ አንድ ጃም ባንድ ስሰማ ያመሸሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። ባንዱ ዘፈኑን ጥሎ ወደ ጃም ከወጣ ሩብ ሰዓት አልፎታል። ኪቦርዱ ሁለት ኖታ ብቻ ይዞ ቀረ። ጊታሪስቱ እጁን ከክሩ ላይ አነሳ። ያን ጊዜ ከመጫወት ዝም ማለት ይከብዳል፤ የሞከረ ያውቀዋል። ድራመሩ ሲምባሉን፣ የብረት ሳህኑን፣ ተወና ወደ ቶሙ፣ ወደ ከበሮው፣ ዞረ። ትከሻዬ ከእኔ ቀድሞ ሄደ።

አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ጫማዋን አውልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ትደንሳለች። ቤዙ አራት ኖታ ጣል አደረገ፤ የዘፈኑ መግቢያ። ዘፋኙ አፉን አልከፈተም፣ ሌሎቹም ገና አልተመለሱም። እሷ ግን ዓይኗን ገልጣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች።