«ኮምፓይል ካደረገ ይሠራል» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

የምንሠራው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአንዲት ክፍል ተሰብስበን ነው። ሥራችን ሊነክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኤአርኤም በሚባል የፕሮሰሰር ዓይነት በሚሠሩ ትንንሽ ቦርዶች ላይ ማስኬድ ነው። ቦርዶቹ ሱሉልታና ሆለታ አካባቢ ባሉ የአበባ እርሻዎች ውስጥ ተቀምጠው ሙቀት ይመዘግባሉ። የሊነክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ብዙ አያስቸግረንም። ጊዜያችንን የሚበላው ዩዘርላንዱ ነው፤ የሲ ላይብረሪው (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ)፣ ትእዛዝ የምንጽፍበት ሼሉ፣ ከእነሱ በላይ ያሉት ላይብረሪዎችና ፕሮግራሞች በሙሉ ማለት ነው። እኔን ደግሞ የሚያደክመኝ አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር የምሰማው ያው ንግግር ነው።

«ጋሼ፣ ሶርስ ኮዱ እኮ አለን። እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?»

ብዙ አለው። ኮምፓይል ማድረግ ሰው የጻፈውን ሶርስ ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ መቀየር ነው። ለየብቻ ኮምፓይል የተደረጉ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ የሚግባቡበት ውል ያስፈልጋቸዋል። ኤቢአይ የምንለው ይህንን ውል ነው። የፈንክሽኑ ግብዓት በየትኛው ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) ይግባ? ቁጥሩ ስንት ባይት ይሁን? የስትራክቱ (አብረው የታሰሩ ቁጥሮች ስብስብ) ሁለተኛ ክፍል ከስንተኛው ባይት ይጀምር? ይህ ሁሉ ሶርስ ኮዱ ላይ ተጽፎ አታገኙትም። ኮምፓይለሩም በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ፋይል ብቻ ነው። አንዱ ወገን በአንድ ውል፣ ሌላው በሌላ ውል ቢሠራ «ተው» የሚል የለም።

የደረሰብንን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት የሰዓት ቁጥሩን፣ ማለትም ከፈረንጆቹ 1970 መጀመሪያ ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ቆጠራ፣ ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት አሳደግን። ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል አደረግን። አንዲት ላይብረሪ ግን ከድሮው እንዳለች ቀረች። መዝገቧ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ሰዓትና ሙቀት። በድሮው ውል ሰዓቱ 4 ባይት፣ ሙቀቱ 4 ባይት፣ ድምሩ 8 ነው። በአዲሱ ሰዓቱ 8፣ ሙቀቱ 4፣ ከዚያ ለማስተካከያ ባዶ 4 ይጨመርና 16 ይሆናል። እንግዲህ አዲሱ ፕሮግራም የድሮዋን ላይብረሪ መዝገብ ሲያነብ የመጀመሪያውን ሰዓትና የመጀመሪያውን ሙቀት አጣብቆ «ሰዓት» አለው። የሁለተኛውን መዝገብ ሰዓት ደግሞ «ሙቀት» አለው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ሙቀት ከ1.7 ቢሊዮን ዲግሪ በላይ ነበር፤ ዓመቱ ደግሞ ከ5,000 አልፏል። ኮምፓይለሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አልሰጠም። ኮምፓይል የተደረጉትን ክፍሎች የሚያያይዘው ሊንከሩም ዝም ብሎ አገናኝቷል፤ ሊንከር የሚያየው ስም እንጂ የስትራክት አቀማመጥ አይደለም። እኛ ዕድለኞች ነን፤ ቁጥሩ ዓይን የሚያወጣ ስለነበር ወዲያው ያዝነው። ሙቀቱ 24 መሆን ሲገባው 26 ቢል ኖሮ ማን ያየዋል? አበባው ነበር የሚጎዳው።

«32 ቢት ማሽን 64 ቢት ሰዓት አይዝም» የሚሉም አሉ። ይይዛል። ኮምፓይለሩ ቁጥሩን በሁለት ሬጅስተር ከፍሎ ይሠራበታል። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በፈረንጆቹ 2014 በሚደግፋቸው ማሽኖች ሁሉ ላይ ወደ 64 ቢት ሰዓት ገብቷል። መስል የተባለው የሲ ላይብረሪ በ2020 ተከተለ፤ ሌላው የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲም በ2021 ምርጫውን ከፈተ።

«2038 ሩቅ ነው፣ ሲደርስ እናስተካክለዋለን» የሚለው ግን ያበሳጨኛል። 32 ቢቱ የሰዓት ቁጥር የሚሞላው በግሪንዊች ሰዓት ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ 03፡14፡07 ላይ ነው። ወደ እኛ አምጡት። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ዕለት ነው! ሕዝቡ ጃንሜዳ ባሕረ ጥምቀቱን ከቦ ሳለ ያልተስተካከለ ቦርድ ቆጠራው ከዜሮ በታች ይገለበጥና በቀጣዩ ሰከንድ ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዘመነ ምኒልክ ይመለሳል። እርሻ ውስጥ የገባ ቦርድ ደግሞ ካልተበላሸ ማንም አይነካውም።

በኋላ ማስተካከልስ ምን ያህል ይከብዳል? ዴቢያን የተባለውን የሊነክስ ስርጭት እዩ። በ2025 በወጣው 13ኛው እትም የ32 ቢት ኤአርኤምን ሰዓት ለማሳደግ ጉዳዩ የሚነካቸውን ላይብረሪዎች ጥቅል ስም እየቀየሩ መጨረሻው ላይ «ቲ64» ጨመሩ። ስሙ የተቀየረው የድሮ ፕሮግራም ከአዲስ ላይብረሪ ጋር ሳያውቅ እንዳይገናኝ ነው። የድሮውን 32 ቢት ኢንቴል ግን እንዳለ ተዉት፤ ቀድሞ የተሠሩ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ብለው። ባለ 32 ቢቱ ሪስክ ፋይቭ የተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት በበኩሉ ጂሊብሲ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን በ64 ቢት ሰዓት ስለገባ ይህ ሁሉ አልነካውም። የመጀመሪያው ጥቅል ኮምፓይል ከመደረጉ በፊት ወስኑ የምለው ለዚህ ነው።

«ኤአርኤም ያው ኤአርኤም ነው።» አይደለም። የነጥብ ቁጥሮችን (እንደ 24.5 ያሉትን) በተራ ሬጅስተር የሚያሳልፍ ውል አለ፤ በነጥብ ቁጥር ሬጅስተር የሚያሳልፍም አለ። አንድ ጎበዝ ልጃችን በዚህ ምክንያት ሙሉ ቀን ተቃጥሏል። የፕሮግራሙ ፋይል ዓይኑ እያየ ተቀምጧል። ሊያስነሳው ሲል «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይለዋል። ስሙን ደጋግሞ ጻፈ፣ ፈቃዱን ቀየረ፣ ሚሞሪ ካርዱን ለወጠ። የጠፋው ሌላ ፋይል ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም ላይብረሪዎቹን የሚጭንለትን ፕሮግራም ስም በውስጡ ይዟል፤ የሁለቱ ውሎች ጫኝ ደግሞ ስሙ ይለያያል። የፕሮግራም ፋይል ውስጡን በሚያሳየው ሪድኤልፍ ብታዩት በአንድ ደቂቃ ይገለጣል።

«ሊነክስ ከርነል የድሮ ፕሮግራም አይሰብርም።» እውነት ነው፤ ግን ያ ስለ ሲስተም ኮሎቹ፣ ማለትም ፕሮግራሞች ከርነሉን ስለሚጠይቁበት መንገድ ነው። በላይብረሪዎቹ መካከል ስላለው ውል ከርነሉ አያገባውም።

«ካራክተር (አንድ ፊደል የሚይዘው የሲ ቁጥር) ያው አንድ ባይት ነው።» አንድ ባይት ነው። ኢንቴል ላይ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ኤአርኤም ሊነክስ ላይ አይወርድም። የፋይል ማብቂያን በካራክተር ተቀብሎ ከዜሮ በታች መሆኑን የሚጠብቅ ሉፕ (ተደጋጋሚ ዙር) ኤአርኤም ላይ መቼም አይቆምም።

አሁን ግድግዳችን ላይ አንድ ገጽ ለጥፈናል። የሰዓት ስፋት፣ የፋይል መጠን ስፋት፣ የነጥብ ቁጥር አተላለፍ፣ ካራክተር ከዜሮ በታች ይወርድ አይወርድ እንደሆነ ተጽፎበታል። የየስትራክቱን መጠንና የየክፍሉን መነሻ ባይት የምታትም ትንሽ ፕሮግራምም አለችን። በላፕቶፑም በቦርዱም አስኬደን ውጤቱን ጎን ለጎን እናስተያያለን። ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ነገር ስፋቱ በግልጽ በተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀመጠው። ቦርዱ ወደ እርሻው ከመሄዱ በፊት ደግሞ ሰዓቱን ጥር 10 ቀን 2030 ማታ ላይ አድርገን እናሳድረዋለን። ጠዋት መዝገቡን ከፍተን የመጨረሻው መስመር ጥር 11 ካላለ ቦርዱ እዚሁ ይቀራል፤ ላይብረሪዎቹን አንድ በአንድ እንፈትሻለን።